ኦቶና በመከራው ዘመን

በሶዶ ከተማ የሚገኘውን ኦቶናን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። የስፍራው ታሪክ ግን ከሕመምተኞች ሌላ የእስረኞችም ታሪክ አለበት። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ወላይታ የመጡት የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ሰዎች በዚያ ተቀምጠው ማከምና ማስተማር ጀመሩ። ፍሬው ፈጥኖ አልታየም፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ በኋላ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ከኋላቸው የቀሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ በወላይትኛ የተተረጐመውም ቅዱስ መጽሐፍ ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ማኅበር ያየ ሰው በዓመት ውስጥ ይበተናል ብሎ ቢፈርድ አይነቀፍም።

ጠላትም እንዲሁ አስቦ ኖሮ ጸሎት ቤቶችን አፈረሰ፤ ሽማግሌዎቹንም አሰረ። ሚሲዮናውያኑ በኋላ ጽፈው እንዳቈዩት የታሰሩት መሪዎች ኀምሳ ያህል ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጅራፍ ተገረፉ፤ ሦስቱም ሞቱ። ዋንዳሮ ዳባሮ በሕዝብ ፊት ተገርፎ ሲያበቃ ማስተማሩን አልተወም፤ ጦሮ ዱቡሾም የዚያ መከራ ተካፋይ ነበረ።

ይሁን እንጂ ስለ ግርፋቱ ብቻ የሚተርክ ሰው ዋናውን ነገር ያልፈዋል። እንደምናውቀው በዚያን ጊዜ በአገራችን እስረኛን የሚመግበው ዘመዱ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ይራብ ነበር። የወላይታ አማኞች ግን ስንቅ ተሸክመው ወደ ወኅኒ ቤት ሲሄዱ ለወንድሞቻቸው ብቻ አልነበረም፤ ከእነርሱ ጋር ለታሰሩት፣ እምነታቸውን ለማይጋሩትም ጭምር ያበሉ ነበር። ከእንሰት ጓሮ የሚኖር ገበሬ ቤት ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌሊት ያንን ምግብ ያበሰለች ሴት ስሟ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ጎረቤቱን ያስደነቀውና «እነዚህ ሰዎች ምን ዐይነት ናቸው?» ያሰኘው ከሰባኪው ቃል ይልቅ የእርሷ ቅርጫት ነው።

ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ የሚያህል አማኝ አገኙ። ቍጥሩ የተጠጋጋ ግምት ነው፤ ቢቀነስ እንኳ ከ48 ጋር አይወዳደርም።

ከዚህ ተነሥቶ «መከራ ራሱ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» የሚል ሰው አለ፤ ይህን አነጋገር አልወደውም። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሽነዋል፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተፈጅተዋል። በዚያ መከራ ለመቈጠር የሚመች ትርፍ አልታየም፤ የሟቾቹ ታማኝነት ግን ከወላይታዎቹ አያንስም። ጅራፉን የያዘውም ሰው ለቤተ ክርስቲያን ውለታ እንደ ዋለ ሊታሰብለት አይገባም።

ይልቅስ የወላይታ ሰዎች ለመከራው ዝግጅት የነበራቸው ይመስለኛል። ጸሎት ቤታቸውን በራሳቸው ጉልበትና እንጨት ይሠሩ ስለ ነበር፣ የውጭ ሰው በሄደ ጊዜ የሚቋረጥባቸው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚመሯቸውም ከመካከላቸው የተመረጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። የፈረሰውን ቤት መልሶ የሚሠራው ያው የመጀመሪያው ሠሪ ነበር።

በደርግ ዘመን እንደ ገና በወላይታ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ መሪዎችም ታሰሩ። ምእመናኑም በየቤቱ ተሰብስበው ጸለዩ፤ ወደ እስር ቤቱም ዳግመኛ ስንቅ ተወሰደ።