የጣና ውሃ መዝገብና የወፎቹ መዝገብ

ከሮም በስተሰሜን ከምትገኘው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ተነስቶ የቲቤርን ወንዝ ሽቅብ የተከተለ መንገደኛ ናዛኖ ሐይቅ ይደርሳል። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። በ1950ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወንዙ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲገደብ ውሃው ተንጣለለ፣ ዳርቻው ሸምበቆ አበቀለ፣ የሰሜን አውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎችም ሰፈሩበት። ጣሊያን የራምሳርን የረግረጋማ ሥፍራዎች ስምምነት በተቀበለችበት በ1976 ሐይቁ በዝርዝሩ ገባ፤ በ1979 ደግሞ የላትዮ ክልል የመጀመሪያው ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ግድብ የወለደው ረግረግ ሕግ የጠበቀው ረግረግ ለመሆን ሠላሳ ዓመት አልፈጀበትም።

ለዚህ ፍጥነት አንዱ ምክንያት ቆጠራ ነው። ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር አጋማሽ፣ ወፎቹ ከክረምት ማረፊያቸው በማይንቀሳቀሱበት ሰሞን፣ የአውሮፓ ቆጣሪዎች በየሐይቁ ዳር ይቆማሉ። በ1980 በሰርዲኒያዋ ካልያሪ የተሰበሰቡት የስምምነቱ አባል አገሮች ደግሞ ከአንድ ዝርያ ሕዝብ 1 በመቶውን በቋሚነት የሚያስጠልል ረግረግ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ እንዳለው ተስማሙ። መስፈርቱ ሲታይ የሥነ ሕይወት ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን የመግቢያ ትኬት ነው። ቁጥር የሌለው ረግረግ በዚህ በር አያልፍም።

ጣና ቁጥር አልጎደለውም፤ የነበረው ቁጥር ግን የውሃ ነበር። በ1930ዎቹ መባቻ የኒው ዮርኩ ጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ በሐይቁ መውጫ ሊሠራ የታሰበውን ግድብ አጠና። በ1937፣ በወረራው ዘመን፣ በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጣሊያን የጥናት ቡድን ሐይቁን መረመረ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የውሃው ከፍታ በተከታታይ ሲመዘገብ ቆይቷል። የተቀናጀ የውሃ ወፎች ቆጠራ ወደ አፍሪካ የተዘረጋው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ሥፍራዎችን ዘርዝሮ ያሳተመው በ1996 ነበር።

የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የሐይቁ መውጫ በበር መዘጋትና መከፈት ሲጀምር፣ በሚዛኑ አንድ ወገን የአሥርተ ዓመታት የውሃ መረጃ ነበር፤ በሌላው ወገን ገና የታተመ መጽሐፍ። በ2003 ሐይቁ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ አለ፣ የመርከብ ጉዞም ተቋረጠ። ገበሬው ውሃው የሸሸበትን መሬት አረሰ። ለታንኳ የሚሆነው ደንገል ሳሳ፤ ጉዳቱም ኑሯቸው በእሱ ላይ ለተመሠረተ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች የወፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ጣቢያ ሌላ የውሃ ጠያቂ ጨመረ። መብራቱ አያስፈልግም ነበር ማለት አይቻልም፤ የጠፋው ረግረግ ዋጋ ግን በስሌቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ረድፍ አልነበረውም።

የጣናን ወፎች ወደ ቁጥር ያመጣቸው በከፊል የሰሜን ጉጉት ነው። በእነኢስቶኒያና ፊንላንድ ረግረጎች የሚፈለፈሉት፣ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ግራጫ ወፎች በኢትዮጵያ እንደሚከርሙ በቀለበትና በሳተላይት ምልክት ተረጋግጧል፤ በሐይቁ ዙሪያ የሚያርፉት በአሥር ሺህዎች ይቆጠራሉ። ቀን በታጨዱ ማሳዎች ቃርሚያ ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆመው ያድራሉ። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 የባዮስፌር ክልል አድርጎ ሲመዘግብ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ጥቁሩ ባለዘውድ ክሬን ግን ከጣና ወደ አውሮፓ አይሻገርም፤ እሱን ከመጸው እስከ ጸደይ የሚናፍቅና ቆጣሪ የሚልክለት የሰሜን አገር የለም።