የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽና የ1928 ዓ.ም. ማዕቀብ

ስለ ኢጣልያ ወረራ ሲነገር የመንግሥታት ማኅበር «ኢትዮጵያን ከዳት» ይባልና ነገሩ በአንድ ቃል ይዘጋል። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሕግን ለሚያጠና ሰው አይበቃም፤ ማኅበሩ በሕጉ መሠረት ሊሠራው ከሚገባው ሥራ ከፊሉን፣ ያውም በሚያስደንቅ ፍጥነት፣ ሠርቶት ነበርና። የወደቀው በቀረው ከፊል ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዋናው ዓመት 1928 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ከ1935 መስከረም እስከ 1936 መስከረም ያለው ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ1912 ዓ.ም. የጸናው የማኅበሩ ቃል ኪዳን ጦርነትን ፈጽሞ አልከለከለም። 12ኛው አንቀጽ የተጣሉ መንግሥታት ጉዳያቸውን ለዳኝነት ወይም ለምክር ቤቱ እንዲያቀርቡ፣ ፍርዱ ወይም የምክር ቤቱ ሐሳብ ከተሰጠም በኋላ ሦስት ወር ሳያልፍ ወደ ጦርነት እንዳይሄዱ ያዛል። ይህን አፍርሶ ጦር ያነሣ መንግሥት ግን በ16ኛው አንቀጽ መሠረት በሌሎቹ አባሎች ሁሉ ላይ ጦርነት እንደ ከፈተ ይቆጠራል፤ እነርሱም የንግድና የገንዘብ ግንኙነታቸውን ሁሉ ወዲያውኑ ሊያቋርጡበት ይገባል። «ሁሉ» እና «ወዲያውኑ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንባቢ ልብ እንዲላቸው እንለምናለን።

ቃል ኪዳኑ በጸና በሁለተኛው ዓመት፣ በ1914 ዓ.ም. መስከረም፣ ጉባኤው ስለዚሁ አንቀጽ የአተረጓጎም ውሳኔዎች አሳለፈ። እንደ ውሳኔዎቹ፣ ቃል ኪዳኑ መፍረሱን ወይም አለመፍረሱን እያንዳንዱ አባል ለራሱ ይወስናል፤ ማዕቀቡም ደረጃ በደረጃ ሊጣል ይችላል። የአንቀጹ ፊደል አልተነካም። ነገር ግን ግዴታ የነበረው ነገር ወደ ፈቃድ ዞረ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በአባልነት ስትገባ ቤቱ ከውጭ ሙሉ ይመስል ነበር፤ ምሰሶው ግን አስቀድሞ ተነቅንቋል።

የወልወልን ግጭት ታሪክ አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት በአጭሩ እናልፈዋለን። ግጭቱ የሆነው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ ይቅርታና ካሣ ስትጠይቅ፣ ኢትዮጵያ በ1920 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በተፈራረሙት የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በዳኞች እንዲታይ ጠየቀች። ወር ከጥቂት ቀናት እንዳለፈ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በሀገራችን የልደት በዓል ሲከበር፣ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ተፈራረሙ። ላቫል በኢትዮጵያ ጉዳይ የለቀቅሁት የኢኮኖሚ ጥቅምን ብቻ ነው ሲል፣ ሙሶሊኒ ግን ሙሉ ነጻነት እንደ ተሰጠው ቆጠረው። የወልወል ዳኞች በበኩላቸው ቦታው በማን ግዛት ውስጥ እንደ ሆነ ሳይመረምሩ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ከሁለቱ ወገን ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብለው ፈረዱ። በዚሁ ክረምት እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ መስጠት አቆመች። መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ለምትሠራው ለኢጣልያ ይህ እኩልነት ምንም አልጎዳትም፤ ሁሉን ከውጭ ለምትገዛው ለኢትዮጵያ ግን እጅን ማሰር ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። መስከረም 26 ቀን ምክር ቤቱ ኢጣልያ 12ኛውን አንቀጽ ጥሳ ወደ ጦርነት መሄዷን አረጋገጠ። አራት ቀን ብቻ! በጉባኤውም 50 መንግሥታት በዚህ ሲስማሙ፣ ከኢጣልያ ከራሷ በቀር የተለዩት ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ ነበሩ። ይህ ፍጥነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲል አዝዘው ስለ ነበር፣ ወራሪው ማን እንደ ሆነ የሚያከራክር ነገር አልቀረም። አንዳንዶች ይህንን ትእዛዝና በጄኔቭ መታመንን እንደ የዋህነት ይቆጥሩታል። እኛ በዚህ አንስማማም። አንድ ትንሽ መንግሥት ከሕጉ ሊያገኘው የሚችለውን ፍርድ ኢትዮጵያ በሙሉ አግኝታለች፤ የቀረው የአስፈጻሚዎቹ ዕዳ ነበር።

አስፈጻሚዎቹ ግን በ1914ቱ ትርጓሜ ተመሩ። የማስተባበሪያው ኮሚቴ ያወጣቸው ማዕቀቦች ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋሉ፤ ለኢጣልያ መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ገንዘብ እንዳይበደር፣ ዕቃዋም እንዳይገዛ ተከለከለ። የታሪኩ ምሥጢር ያለው ወደ ኢጣልያ እንዳይላኩ በተከለከሉት ሸቀጦች ዝርዝር ውስጥ ነው። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ተከለከሉ። ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ኒኬል፣ ኢጣልያ በሀገሯ የምታመርተው አሉሚኒየም ሳይቀር ተከለከሉ። ነዳጅ ዘይት ግን የለም፤ የድንጋይ ከሰልም የለም። ያልቀለጠው የብረት ማዕድን ተከልክሎ፣ ቀልጦ የተሠራው ብረትና አረብ ብረት ተፈቀደ። በቅሎ የተከለከለው ጦር በካሚዮን ሄደ፤ አውሮፕላኑም በቤንዚን በረረ።

ለዚህ የተሰጠው ምክንያት ነዳጅን የሚሸጡ አባል ያልሆኑ መንግሥታት፣ በተለይም አሜሪካ፣ ስላሉ ክልከላው ከንቱ ይሆናል የሚል ነበር። ምክንያቱ ባዶ አይደለም፤ የአሜሪካ ነጋዴዎች በእርግጥ ለኢጣልያ የሚሸጡትን ዘይት በዚያ ወራት አበዙ። ሆኖም ኮሚቴው ራሱ ጥቅምት 26 ቀን ነዳጅን ለመጨመር በሐሳብ ደረጃ ተስማምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተላለፈ። ኅዳር 28 ቀን የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና ላቫል ከኢትዮጵያ ብዙ መሬት ቆርሰው ለኢጣልያ ለመስጠት ፓሪስ ላይ ተስማሙ፤ ምሥጢሩ በጋዜጣ ወጣ፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የነዳጁ ነገር ተቀመጠ። የባለሙያዎቹ ኮሚቴ የካቲት 4 ቀን ያቀረበው ሪፖርት፣ አባሎች ሁሉ ቢከለክሉና አሜሪካም ሽያጯን ከ1935 እ.ኤ.አ. በፊት በነበረው መጠን ብትወስን፣ ክልከላው ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ ይሠራል ይላል።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ከየካቲት 4 ሦስት ወር ተኩል ቢቆጠር ግንቦት አጋማሽ ላይ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ የተያዘችው ግን ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከኅዳር 8 ቀን ቢቆጠር ደግሞ የካቲት ሳያልቅ ይሞላል፤ ማይጨው የተዋጋው መጋቢት 22 ቀን ነው። ኢጣልያ በመካከሉ ባገኘችው ጊዜ ነዳጅ እንዳከማቸችም መርሳት አይገባም። ስለዚህ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ጌጥ አልነበረም፤ አንቀጹ የቆመው በእርሱ ላይ ነበር።

የሱዌዝ ካናል ነገርም እንዲሁ ነው። የኢጣልያ ወታደርና ጥይት በካናሉ ቀረጥ እየከፈለ አለፈ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ውል ካናሉ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉ ክፍት ይሁን ስለሚል መዝጋት አይቻልም ተባለ። ነገር ግን የቃል ኪዳኑ 20ኛ አንቀጽ ከቃል ኪዳኑ ጋር የማይስማማ ውል ሁሉ በአባሎች መካከል የፈረሰ መሆኑን ይናገራል። ክርክሩም ቢሆን የሕግ ክርክር አልነበረም። ላቫል ታኅሣሥ 18 ቀን ለፈረንሳይ ምክር ቤት እንደ ገለጡት፣ የጦር ማዕቀብ፣ የባሕር ከበባና ካናሉን መዝጋት እንዳይታሰብ እርሳቸውና ሆር በጳጉሜን 1927 ዓ.ም. ተስማምተው ነበር። ሆር ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ጳጉሜን 6 ቀን፣ በጄኔቭ ጉባኤ ላይ ስለ ቃል ኪዳኑ መከበር ያሰሙት ንግግር በዓለም ሁሉ ተጨብጭቦለታል።

ከዚህ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ኢጣልያ ራሷ በፈረመችው ውል የተከለከለው የኢፔሪት መርዝ በሰሜኑ ጦር ላይ ዘነበ። የካቲት 28 ቀን የጀርመን ጦር ራይንላንድ ሲገባ የፈረንሳይ ሐሳብ ወደዚያ ዞረ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ። ሰኔ 27 ቀን ኢትዮጵያ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲሰጣት ያቀረበችው ጥያቄ ድምፅ ሲሰጥበት፣ 23 ተቃወሙ፤ 25 ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ የደገፈች አንዲት ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ።

ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ከዚህ ታሪክ ብዙ ተምሯል። ሁለተኛው አንቀጽ ጦርነትን ብቻ ሳይሆን በኃይል መጠቀምንና በኃይል ማስፈራራትን ጭምር ይከለክላል። ወራሪውን የሚለየውም እያንዳንዱ አባል ለራሱ ሳይሆን የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ ውሳኔውም ሁሉን ያስገድዳል። የ1914ቱ ቀዳዳ በዚህ ተደፍኗል። ነገር ግን «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል በ41ኛውና በ42ኛው አንቀጽ የለም፤ ምክር ቤቱ እርምጃ «ሊወስድ ይችላል» ይላሉ እንጂ ይውሰድ አይሉም፤ አምስቱ ታላላቅ መንግሥታትም እያንዳንዳቸው ሊያግዱት ይችላሉ። በ43ኛው አንቀጽ መሠረት አባሎች ጦር ለምክር ቤቱ የሚያዘጋጁባቸው ውሎች እስከ ዛሬ አንድም አልተፈረሙም። ስለዚህ ኢራቅ ኩዌትን በያዘች ጊዜ ምክር ቤቱ ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ ለፈቃደኞች ፈቃድ መስጠት እንጂ ማዘዝ አልነበረም።

በኮሪያም የሆነው ይኸው ነው። በሰኔ 1942 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት መልእክተኛ ከስብሰባው ስለ ቀሩ ውሳኔው ሊያልፍ ቻለ፤ ያለፈውም አባሎች ደቡብ ኮሪያን እንዲረዱ የሚመክር ቃል ነው። ምክር ስለ ሆነ የሚያስገድድ አልነበረም፤ ተዋጊ ጦር የላኩት 16 መንግሥታት ብቻ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ፑሳን ወደብ የደረሰው ቃኘው ሻለቃ ከእነዚህ የአንዱ ነበር፤ ከጄኔቭ ጉባኤ እስከዚያ ቀን 15 ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ያህል ይቀረው ነበር።