«ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ»

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ፣ ሆረ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ለኢሬቻ በዓል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። በግርግሩ ብዙ ሰው ተረጋግጦ ሞተ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፣ ባሕር ማዶ ያለውም ሳይቀር፣ የሆነውን የሚያሳይ ቪዲዮ ፍለጋ ገባ።

ወጥመዱ የተዘረጋው በዚሁ ፍለጋ መሐል ነው። በሦስተኛው ቀን የያኔው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጃዋር መሐመድ ሚኒያፖሊስ ሳሉ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ድረ ገጽ ቁርጥ ወደሚመስል ገጽ ያደርሳል። የእውነተኛው አድራሻ በ«ዶት ኮም»፣ የአስመሳዩ በ«ዶት ኔት» ያበቃል፤ ልዩነቱ ይኸው ነበር። ቪዲዮውን ለማየት ግን መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየር መታደስ አለበት ይላል። አቶ ጃዋር ኢሜይሉን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲትዝን ላብ ላኩት። ተመራማሪዎቹ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፣ እድሳት የተባለው ነገር ሳይበርቢት የተሰኘ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር እንደሆነ፣ የሚያንቀሳቅሱትም ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳሉ አስታወቁ። ለሌሎች ደግሞ የፒዲኤፍ መጻፊያ ፕለጊን መስሎ ተልኳል። ሶፍትዌሩ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የሚተየበውን ይመዘግባል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ በብሮውዘር የተቀመጠ የይለፍ ቃል ይለቅማል።

ያን ያህል ተራ ማታለያ ይሠራል ተብሎ ለምን ታሰበ? መልሱ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ልማድ ውስጥ ያለ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ ለማየት ፍላሽ በእርግጥም የግድ ነበር። ጃቫን የጫነ ሰው «አስክ» የሚባለውን ቱልባር ሳያስበው አብሮ ይጭን ነበር። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ማስጠንቀቂያ ማንበብ ገንዘብ ማቃጠል ነበር፤ «እሺ» ብሎ ማለፍ ይቀለው ነበር። ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም።

ፍላሽ ራሱ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአገልግሎት ወጥቷል። ልማዱ ግን ብሮውዘር ላይ ወደሚጨመሩት ኤክስቴንሽኖች ተሻገረ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ገደቡን ለማለፍ ነጻ ቪፒኤን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን ግን የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች እንደሚሸጥ ቀድሞ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ተጋልጦ ነበር።

ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንቲቫይረስ «ያልተፈለገ ሊሆን የሚችል ፕሮግራም» ሲል ቫይረስ አገኘሁ ማለቱ አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚጭን ወይም መረጃ የሚሰበስብ ነገር አየሁ ማለቱ ነው። «ትሮጃን» ካለ ግን ጊዜ አይሰጥም። ይበልጥ ችላ የሚባለው ኤክስቴንሽን ሲጫን ብሮውዘሩ ራሱ የሚያወጣው መልእክት ነው፦ «በሚጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃዎን ማንበብና መቀየር ይችላል»። ኢሜይልም፣ የባንክ ገጽም እዚያ ውስጥ ይጠቃለላሉ። አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ የኤክስቴንሽኑ ባለቤት ሲቀየርም ይቀጥላል። ግሬት ሰስፔንደር የተባለውን ኤክስቴንሽን ብዙ ሰው አምኖት ኖሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ለሌላ ወገን ተሸጠ፣ በጥር 2013 ዓ.ም. ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ አገደው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬውኑ የቤትዎንም የሱቅዎንም ብሮውዘር ይክፈቱ፤ የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ማን እንደሠራው የማያውቁትን ያጥፉ።