የቆሼ ክምር ለምን ተናደ?

መጋቢት 2 በመጣ ቁጥር የቆሼ ነገር ይነሳል። በ2009 ዓ.ም. በዚያ ዕለት፣ ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው፣ ቆሼ የሚባለው የረጲ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እዚያው ቆሼ ላይ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ግንባታ ያን ጊዜ እየተፋጠነ ነበር።

ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ መጣያ ነው። ሲጀመር ዳር ነበር፤ ኋላ ከተማዋ ሰፍታ ከበበችው። 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ይህ ቦታ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ነበር። መኪናው ጭነቱን ሲገለብጥ ለቃሚዎቹ ተሻምተው በብረት እየጫሩ ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ አሮጌ ጫማውን ይለያሉ። ከሆቴሎች የሚመጣው ጭነት ደግሞ የሚበላ ስለማይጠፋው በጉጉት ይጠበቃል።

ታዲያ ክምሩ ለምን ተናደ? በወቅቱ ሦስት መልስ ይሰማ ነበር። አንደኛው፣ ለቃሚዎች ሥሩን ስለቦረቦሩት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለፋብሪካው ሲባል ዶዘሮች ክምሩን ሲገፉ ስለከረሙ ነው ይላል፤ ይህን ሲናገሩ የነበሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ሦስተኛውን ለመረዳት ግን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ2008 ዓ.ም. ከተማዋ ቆሼን ትታ ቆሻሻዋን በኦሮሚያ ክልል ባለችው ሰንዳፋ መድፋት ጀምራ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ገንዘብ የታገዘው አዲሱ ማስወገጃ ዘመናዊ ይሆናል ተብሎ ብዙ ተነግሮለታል። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ሽታው አላስቀምጥ አለን፣ ፍሳሹ ውኃችንን በከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው አቤት አሉ። ጊዜው በኦሮሚያ ፀረ መንግሥት ተቃውሞ የበረታበት ነበር። ዓመት ሳይሞላው ሰንዳፋ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ተመልሰው ቆሼ መጡ። ሦስተኛው መልስ እንግዲህ ይህ እንደገና የተጫነ ሸክም ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላየው ሰው የመጀመሪያው መልስ ውኃ አይቋጥርም። ለቃሚው ቆሼን በብረት ሲጭር አሥርተ ዓመታት ኖሯል፤ ተራራው ግን ቆሞ ነበር። በ2009 አዲስ የነበረው፣ አበቃለት በተባለ ገደላማ ክምር ላይ ሸክም እንደገና መጨመሩና ዶዘሩ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ይከብዳል፤ ሲበሰብስም ውስጡ ፈሳሽና ጋዝ ያጉራል። ገደሉ በቆመ መጠን ደግሞ ለመናድ ይቀርባል። ክረምት አልነበረምና በዝናብ ማመካኘትም አይቻልም። ስለዚህ ጣትን በድሃው ለቃሚ ላይ መቀሰር ፍትሕ አይደለም።

ፋብሪካው ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለለት። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሲሆን በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩ እንደ ሌሎቹ የዓለም መሰል ፋብሪካዎች ነው፦ ክሬን ቆሻሻውን ከጉድጓድ እያፈሰ ወደ ምድጃ ይጨምራል፣ እሳቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ጭሱም በማጣሪያ አልፎ ይወጣል።

ዛሬም ፋብሪካውን የሚፈትነው ከየቤታችን የሚወጣው ነገር ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ በመሆኑ ከእሳቱ ጉልበት ብዙው እርጥቡን ለማድረቅ ይባክናል። እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ ማውጣት ከእያንዳንዳችን ይጠበቃል። ከከተማዋ የሚጠበቀው ግን ከዚህ ይበልጣል። የሰንዳፋ ገበሬ በጊዜው ተደምጦ ቢሆን ኖሮ መኪኖቹ ቆሼን ዳግም ባልረገጡ ነበር። ስለዚህ ለቀጣዩ መጣያ ቦታ ሲመረጥ ጎረቤቱ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ካሳውም የፍሳሽ ማጣሪያውም የመጀመሪያው መኪና ከመድረሱ በፊት ይለቅ።