የታለመለትን የኅብረተሰብ ክፍል በማኅበራዊ ሚዲያ የመድረስ ዕቅድ፤ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እንደ ማሳያ

የማኅበራዊ ሚዲያ ተግባቦት ዕቅድ ማለት አንድ ተቋም ለማን፣ ምን ዓይነት መልእክት፣ በየትኛው መንገድና በየትኛው ጊዜ እንደሚያደርስ፣ ከዚያም ለሚነሣው ጥያቄ ማን መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሚወሰንበት ሰነድ ነው። ከዚህ ትርጉም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ክፍል ነው። መልእክት ተዘጋጅቶ ይለጠፋል፤ ጥያቄ ይመጣል፤ መልስ ግን አይሰጥም። ባዶ የቀረውን የመልስ ቦታ ደግሞ አሉባልታ ይይዘዋል።

ይህ ጽሑፍ በየደረጃው በሚገኙ የጤና ተቋማት የሕዝብ ግንኙነትና የጤና ትምህርት ሥራ ለሚያከናውኑ ባለሙያዎች እንዲሁም ጉዳዩን ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ የዕቅድ አዘገጃጀቱን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ያብራራል።

ክትባቱና የመረጃው ፈተና

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ የካንሰር ዓይነት ነው። የበሽታው ዋነኛ መንሥኤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ ከቫይረሱ በርካታ ዝርያዎች መካከል 16 እና 18 በመባል የሚታወቁት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። መከላከያ ክትባቱ ይበልጥ ውጤታማ የሚሆነው ለቫይረሱ ከመጋለጥ በፊት ሲሰጥ በመሆኑ፣ በታዳጊነት ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ልጃገረዶች እንዲሰጥ ይመከራል።

በአገራችን ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወቅቱ የተመረጡት 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ነበሩ፤ አሰጣጡም በሁለት ዙር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚህ የዕድሜ ክልል አንድ ጊዜ መከተብ በቂ ጥበቃ እንደሚሰጥ ማስታወቁን ተከትሎ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሚገኙ ልጃገረዶች ክትባቱ በአንድ ዙር በዘመቻ ተሰጥቷል።

ክትባቱን ለማስረዳት አስቸጋሪ የሚያደርገው የበሽታው ጠባይ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ካንሰሩ እስኪታይ ድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ስለሆነም አንዲት እናት ዛሬ የምትመዝነው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገኝን የማይታይ ጥቅም በአንድ በኩል፣ ትናንት ማታ በስልኳ የደረሳትን የሚያስፈራ ወሬ በሌላ በኩል አድርጋ ነው። ዕቅዱ ይህንን ሚዛን ካልተረዳ ምንም ያህል ያማረ ሥዕል ቢለጠፍ ውጤት አያስገኝም።

የዴንማርክ ተሞክሮ

በዴንማርክ ክትባቱ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቴሌቪዥን የተላለፈ ዘጋቢ ፊልም ክትባቱን ከልዩ ልዩ ሕመሞች ጋር በማያያዙ በወላጆች ዘንድ ከፍተኛ ሥጋት ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተወለዱት ልጃገረዶች ከ90 በመቶ በላይ የተከተቡ ሲሆን፣ በ2003 ከተወለዱት ውስጥ በወቅቱ የተከተቡት ከ40 በመቶ በታች ሆኑ።

የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣን፣ የካንሰር ማኅበሩና የሐኪሞች ማኅበሩ በጋራ በመሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የመረጃ ዘመቻ ጀመሩ። ዋነኛ መድረካቸውም ፌስቡክ ነበር። ዘመቻው ሁሉንም ሰው ለመድረስ አልሞከረም፤ ሴት ልጅን ለማስከተብ ወይም ላለማስከተብ በአብዛኛው የሚወስኑትን እናቶች መረጠ። ደረቅ መረጃ ብቻ ከማቅረብ ይልቅ በበሽታው ያለፉ ሴቶች የራሳቸውን ታሪክ እንዲናገሩ አደረገ፤ ከልጥፎቹ ሥር ለሚጻፉ ጥያቄዎችም መልስ ተሰጠ። የግል ታሪክ የያዙት ልጥፎች አኃዝ ብቻ ከያዙት ይልቅ ብዙ ተሳትፎና ይበልጥ በጎ የሆነ ውይይት አስገኝተዋል። በዚያው ዓመት ክትባቱን የጀመሩት ልጃገረዶች ቁጥር ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ አድጓል። ለዚህ ውጤት የፌስቡኩ ዘመቻ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም፣ ዕቅዱ የተነደፈበት ቅደም ተከተል ትምህርት ይሰጣል፤ መጀመሪያ ወሳኙ ሰው ተለየ፣ ቀጥሎ ሥጋቱ ተጠና፣ መድረኩና መልእክቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ አንድ፤ ወሳኙን ሰው መለየት

“ለመላው ኅብረተሰብ” ተብሎ የሚዘጋጅ ዕቅድ ለማንም አልተዘጋጀም። ተከታቢዋ ታዳጊ ብትሆንም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረሰው እርሷ አይደለችም፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ለአካውንት ባለቤትነት ዝቅተኛውን ዕድሜ 13 ዓመት አድርገው የወሰኑ በመሆኑ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያሉት ከመድረኩ ውጭ ናቸው። በመሆኑም የሚከተሉትን ለይቶ መመልከት ይገባል፤

- ወሳኞች፦ እናቶች፣ አባቶች፣ እንዲሁም በወላጅ ምትክ የሚያሳድጉ አያቶችና አክስቶች።
- አማካሪዎች፦ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች።
- ከሩቅ ድምፅ የሚሰጡ፦ በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች። የልጅቱን የትምህርት ወጪ ከውጭ የምትሸፍን አክስት በድምፅ መልእክት የምትልከው አንድ ቃል በቤተሰቡ ውሳኔ ላይ ክብደት አለው።

ስማርት ስልክ የሌላቸው ወይም የኔትወርክ አገልግሎት በማይደርስበት አካባቢ የሚኖሩ በርካታ እናቶች እንዳሉ ዕቅዱ በግልጽ ማስፈር አለበት። እነርሱን የሚደርሰው ሬዲዮና የቤት ለቤት ትምህርት ነው። ለእነዚህ እናቶች የማኅበራዊ ሚዲያው ድርሻ ቤታቸው ድረስ የምትሄደውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የትምህርት ቤቱን መምህር በትክክለኛ መልስ ማስታጠቅ ነው።

ደረጃ ሁለት፤ ሥጋቱን ማዳመጥ

ዘመቻው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ሰዎች የሚጠይቁት ነገር ሊሰበሰብ ይገባል። ለዚህም በተቋሙ ገጽ ቀደም ሲል የተሰጡ አስተያየቶች፣ ወደ ነፃ የስልክ መስመሮች የሚመጡ ጥያቄዎችና የጤና ባለሙያዎች በየቀበሌው የሰሟቸው አባባሎች ጠቃሚ ምንጮች ናቸው። ጥያቄዎቹ በተጠየቁበት ቋንቋና አነጋገር እንዳሉ መመዝገብ አለባቸው።

በዚህ ክትባት ዙሪያ ተደጋግመው ከሚነሡት መካከል “መካን ያደርጋል ወይ?”፣ “ለምን ለሴቶች ብቻ?”፣ “ገና ልጅ ናት፤ ምን ያስቸኩላል?” የሚሉት ይገኙበታል። በአሰጣጡ ላይ የተደረገው ለውጥም የራሱን ጥያቄ ያስነሣል፤ ታላቋ ልጅ ሁለት ጊዜ ተከትባ ታናሿ አንድ ጊዜ ብቻ ስትከተብ እናት ምክንያቱን ብትጠይቅ ተገቢ ነው። ተቋሙ ለውጡን ቀድሞ ካላስረዳ፣ “ክትባቱ አልቆባቸው ነው” የሚል ወሬ ሊቀድመው ይችላል።

ደረጃ ሦስት፤ መድረክና ቅርጽ መምረጥ

መድረክ የሚመረጠው ታዳሚው ካለበት ቦታና መድረኩ ከሚያመቸው አገልግሎት አንጻር ነው። ፌስቡክ ወላጆች በግልጽ ጠይቀው ሌሎችም መልሱን እንዲያነቡ ያመቻል። ቴሌግራም ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ሰነድ፣ የድምፅ ቅጂና የተዘጋጁ መልሶችን ለማድረስ ይጠቅማል። ቲክቶክ አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎችን በተለይ ለወጣት ወላጆችና ለታላላቅ እኅቶች ያደርሳል። አቅም ውስን በሆነበት ጽሕፈት ቤት ሦስቱንም ከፍቶ መልስ አልባ ከማድረግ፣ አንዱን ይዞ ጥያቄዎችን በየዕለቱ መመለስ ይመረጣል።

የኢንተርኔት ዋጋን ከግምት በማስገባት ተንቀሳቃሽ ምስሎች ከአንድ ደቂቃ ያልበለጡና መጠናቸው አነስተኛ ሊሆኑ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉ የድምፅ መልእክት ይዘጋጃል። መልእክቱ በአካባቢው በሚነገረው ቋንቋ ሲዘጋጅም ከአማርኛ ቃል በቃል የሚተረጎም ሳይሆን፣ የቋንቋው ተናጋሪ የሆነ የጤና ባለሙያ የሚያቀናብረው መሆን ይኖርበታል። በተጨማሪም አንድ ምስል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የወጣበት ገጽ አብሮት ስለማይሄድ፣ የተቋሙ ስምና የታተመበት ቀን በምስሉ ላይ መጻፍ አለበት። አለበለዚያ የአምናው የክትባት ቀን ዘንድሮ ተላልፎ እናቶችን በከንቱ ሊያመላልስ ይችላል።

ደረጃ አራት፤ የመልስ ሥርዓት መዘርጋት

የዕቅዱ ዋና ምሰሶ ይህ ክፍል ነው። ጥያቄዎችን ማን እንደሚያነብ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመልስ፣ ከዕውቀቱ በላይ የሆነውን ለየትኛው ሐኪም እንደሚያስተላልፍ፣ በዕረፍት ቀናት ማን ተረኛ እንደሚሆን በሥራ መደብ ተለይቶ ይጻፋል። ለተደጋጋሚ ጥያቄዎች በባለሙያ የተረጋገጡ መልሶች አስቀድመው ይዘጋጃሉ።

የመልሱ አቀራረብ ከይዘቱ ያላነሰ ክብደት አለው። “ልጄን ነገ መካን ቢያደርጋትስ?” ብላ ለጠየቀች እናት “ይህ መሠረተ ቢስ ወሬ ነው” ብሎ መመለስ ጠያቂዋን ከወሬ ፈጣሪው ጋር አንድ አድርጎ መፈረጅ ነው። የተሻለው መልስ የሚከተለውን ይመስላል፤ “ስለ ልጅዎ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። ክትባቱ መካንነት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሚከላከለው ካንሰር ግን ራሱም ሆነ ሕክምናው ማኅፀንን ሊጎዳ ይችላል። ከመርፌው በኋላ ክንዷ ላይ ሕመም ወይም እብጠት ሊሰማት ይችላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ይጻፉልን፤ ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።” ይህን መልስ የሚያነቡት ጠያቂዋ ብቻ ሳትሆን፣ ሳይጠይቁ የሚከታተሉ ሌሎች ወላጆችም ናቸው።

ጥያቄንና ትችትን ማጥፋት አይገባም፤ የተሰረዘ ጥያቄ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ያስመስላልና። የሚወገዱት ስድብ፣ ዛቻና የሰውን የግል ምሥጢር የሚያጋልጡ ጽሑፎች ሲሆኑ፣ ይህንን የሚገልጽ ደንብ በገጹ ላይ በግልጽ ይቀመጣል።

ደረጃ አምስት፤ ለድንገተኛ ክስተት መዘጋጀት

እ.ኤ.አ. በ2014 በኮሎምቢያ ኤል ካርመን ዴ ቦሊቫር በተባለች ከተማ በርካታ ልጃገረዶች ራሳቸውን ስተው ወደ ሕክምና ሲወሰዱ የሚያሳዩ ምስሎች በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጩ። የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ያካሄዱት ምርመራ ክስተቱን ከክትባቱ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘም። ይሁን እንጂ የምርመራው ውጤት ከመድረሱ በፊት ምስሎቹ ሕዝቡ ዘንድ ደርሰው ስለነበር፣ የክትባቱ ሽፋን በተከታዮቹ ዓመታት ክፉኛ አሽቆልቁሏል።

በታዳጊዎች ላይ መርፌን በመፍራት ራስን መሳት የታወቀ ክስተት ነው። ልጃገረዶች ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆዩ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ለወላጆች አስቀድሞ ከተነገረ አንዲት ልጅ ስትወድቅ የሚያይ ሰው የሚያየውን ያውቃል። ዕቅዱ በተጨማሪ ክስተት በተፈጠረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚወጣውን አጭር መግለጫ ረቂቅ መያዝ አለበት፤ የታወቀው ምን እንደሆነ፣ በመጣራት ላይ ያለው ምን እንደሆነ፣ ቀጣዩ መረጃ መቼ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ረቂቅ የሚጻፈው ጸጥ ባለው ጊዜ ነው።

የታዳጊዎችን ክብርና የግል መረጃ መጠበቅ

የልጃገረዶችን ምስል፣ ስም ወይም የትምህርት ቤታቸውን መለያ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ ማውጣት አይገባም። የጤና ነክ መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። በአስተያየት መስጫው ላይ የልጇን ሕመም በዝርዝር ለጻፈች እናት መልሱ በግል መልእክት ወይም በስልክ እንዲሰጥ መደረግ አለበት።

ምዘና

የተከታይና የወደድኩት ቁጥር ብቻውን የሥራ ውጤት አያሳይም። አንድ ልጥፍ ብዙ አስተያየት ያገኘው ሰዎች ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በየሳምንቱ የሚከተሉት ቢመዘኑ ይመረጣል፤

- ከቀረቡት ጥያቄዎች ስንቶቹ መልስ አገኙ፤ በአማካይ በስንት ሰዓት ውስጥ?
- የትኛው ጥያቄ እየቀነሰ፣ የትኛው እየበረታ፣ የትኛው አዲስ ሆኖ መጣ?
- መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተላከላቸውን መልስ ተጠቅመውበታልን?
- በየወረዳው ለመከተብ ፈቃደኛ ያልሆኑ ቤተሰቦች የሰጡት ምክንያት ምንድን ነው?

የመጨረሻው መጠይቅ ከክትባት ቡድኖች መዝገብ የሚገኝ በመሆኑ የኮሙኒኬሽን ባለሙያውና የክትባት አስተባባሪው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። በገጹ ላይ ያልተነሣ ሥጋት በመዝገቡ ላይ ከተገኘ፣ የሚቀጥለው ሳምንት መልእክት ከዚያ ይጀምራል። ዘመቻው ካበቃ በኋላም የመልስ አገልግሎቱ ቢያንስ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊቀጥል ይገባል፤ ልጃቸውን ያስከተቡ ወላጆች ጥያቄ የሚበዛው በእነዚሁ ቀናት ነውና።