የእንቁላሉ ቀዳዳዎች

የአሜሪካ ተጎታች ቤት ታሪክ ሲነገር በዝናብ የበሰበሰ አንድ ቤተሰብ ሳይነሳ አይቀርም። አርተር ሸርማን ዲትሮይት ውስጥ የመድኃኒት ኩባንያ የሚመራ የባክቴሪያ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ለዕረፍት ሊወጣ ሲል ከመኪና ኋላ ተጎትቶ የሚሄድ፣ ሲደርሱበት የሚዘረጋ የሸራ ድንኳን ገዛ። በደቂቃዎች ውስጥ ይተከላል ተብሎ ነበር የተሸጠለት። ዝናቡ ግን ቀደመው፤ እሱ ከሸራና ከገመድ ጋር ሲታገል ቤተሰቡ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሸራ ማየት አልፈለገም። ሜሶናይት ከሚባል የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ወርዱ 6 ጫማ የሆነ ሳጥን አሠርቶ በጎማ ላይ አስቀመጠው። በ1930 መጀመሪያ የዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ሲያቆመው ገዢ ተሰለፈ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ «ከቨርድ ዋገን» የተባለው ድርጅቱ ከአገሪቱ ተጎታች ሠሪዎች ሁሉ ትልቁ ሆነ።

ሸራ ቢረጥብ ፀሐይ ያደርቀዋል። የተጨመቀ እንጨት ግን አንዴ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ይላጣል፣ መልሶም አይስተካከልም። ሸርማን ከዝናብ የሸሸበት ሳጥን በየማዕዘኑ መጋጠሚያ ነበረው። እኔም ዛሬ በትርፍ ጊዜዬ እንጀራዬን የምደጉመው ከዚያ ወዲህ ዝናቡ መግቢያ አጥቶ ስለማያውቅ ነው።

ነዋሪነቴ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። በሥራ ቀን አውቶቡስ እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጓሮዬ ውስጥ የሚቆሙት ግን የፋይበርግላስ ተጎታቾች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው በቅርጻቸው ምክንያት «እንቁላል» ይሏቸዋል። የአገሬ ሰዎች ማኅበር አባላት ሊጠይቁኝ ሲመጡ ይስቃሉ፤ ሰው ሞቅ ያለ ቤት እያለው ሳጥን ውስጥ ለመተኛት ገንዘብ ያወጣል ወይ ይሉኛል። ይስቁ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ ሙያ ከሸርማን ጀምሮ የሚታገለው መጋጠሚያ ለመቀነስ ነው፤ መጋጠሚያው ሲቀንስ ደግሞ ሰው በገዛ ትራፓኖው ቀዳዳውን አበዛው።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የመጣው አውሮፕላን ሠሪ ነው። ሃውሊ ቦውለስ የቻርልስ ሊንድበርግን «ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ» ግንባታ የተቆጣጠረ ሰው ነበር፤ በ1934 ያንኑ የአልሙኒየም ላሜራና የሪቬት ጥበብ ወደ ተጎታች አዞረው። የእሱ ድርጅት ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ ዋሊ ባየም ግን ሐሳቡን ይዞ በ1936 ኤርስትሪም ክሊፐርን አወጣ። የሚያብረቀርቀው ላሜራ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ ግን የተያያዘው በሪቬት ነው፣ እያንዳንዱ ሪቬት ደግሞ ቀዳዳ ነው። ባየም ተጎታቾቹን ክፉ መንገድ ላይ መፈተን ይወድ ነበር። ከ1959 እስከ 1960 ድረስ 41 ኤርስትሪሞችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ አፍሪካን አቋረጠ። ጉዞው በኢትዮጵያ አልፏል፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጋር ተገናኝተዋል። የዚያን ጊዜውን የደቡቡን መንገድ ሳስብ፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሚያምሩት ላሜራዎች ውስጥ የተኙት ሰዎች ስንት አቧራ በልተው ይሆን እላለሁ። ውኃ የሚያስገባ ቀዳዳ አቧራ አይከለክልም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰፊው ሕዝብ የገዛው ግን ኤርስትሪምን አልነበረም። የገዛው ውስጡ የእንጨት ማገር፣ ላዩ ስስ አልሙኒየም የሆነውን ነበር፤ ጠርዝ ለጠርዝ ተደርቦ በሚስማር ይያያዛል፣ መጋጠሚያው በስቱኮ ይደፈናል። ስቱኮው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ማገሩ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ባለቤቱ ችግሩን የሚያውቀው አንድ ቀን ግድግዳው በእጁ ሲገባለት ነው። ከእነዚህ አንዱን ልጠግን ብዬ አንዴ ከፍቼ ዓይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልነካም።

መጋጠሚያ የሌለው ግድግዳ የተገኘው ከመስታወት ፋብሪካ ነው። በ1932 ኦሃዮ ውስጥ፣ በኦዌንስ ኢሊኖይ ኩባንያ፣ ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት የመስታወት ጡቦችን ለማያያዝ ሲሞክር የታመቀ አየር የቀለጠውን መስታወት መታውና ወደ ቀጭን ክር በተነው። ጌምስ ስሌተር የሚባለው መሐንዲስ ነገሩን ወደ ምርት ለወጠው፤ በ1938 ኦዌንስ ኮርኒንግ ተመሠረተ። መጀመሪያ ክሩ ሙቀት ለመከላከያ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከፖሊስተር ሬዚን ጋር ተዋሕዶ ጠነከረ፤ ከዚያ ጀልባ ሆነ፤ በ1953 ደግሞ የሸቭሮሌ ኮርቬት አካል ሆነ።

እኔ ጓሮ ወደሚቆመው እንቁላል ያመጣው ግን የመኪናም የጀልባም ሰው አይደለም። ሬይ ኦሌኮ በካናዳ ማኒቶባ፣ ዊኒፔግ ውስጥ ቀለል ያለ የፋይበርግላስ ሴፕቲክ ታንክ ያወጣ ሰው ነበር። እኔ ይህን የታሪኩን ክፍል እወደዋለሁ። ውኃ እንዳይወጣ አጥሮ መያዝ የለመደ ሰው፣ በዚያው ዕውቀቱ ውኃ እንዳይገባ የሚከለክል ቤት ልሥራ አለ። ቅርጽ ማውጫውን ሳንዶር ዱሳ ከተባለ ባለሙያ ጋር ሠሩት፤ በ1968 «ቦለር» ወጣ። 13 ጫማ ርዝመት፣ ግማሽ ቶን የማይሞላ ክብደት፤ ትንሽ መኪና የሚጎትተው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያው አሠራር ድንበር ተሻግሮ እኛው ሚኒሶታ ውስጥ ባከስ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ፤ «ስካምፕ» የሚባለው እዚያ መሠራት ጀመረ፤ አሁንም ይሠራል። በ1983 ቴክሳስ ውስጥ «ካሲታ» ተከተለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ፎርማ አለ፤ አንዱ ለታችኛው ግማሽ፣ አንዱ ለላይኛው። ፎርማው ውስጥ መጀመሪያ ጄልኮት የሚባለው አንጸባራቂ ልባስ ይረጫል፤ በላዩ የተቆራረጠ የመስታወት ክር ከሬዚን ጋር ይረጫል፣ በሮለር ይዳመጣል። ሲደርቅ ሁለቱ ግማሾች ወገቡ ላይ ይገናኛሉ፤ ከውስጥ በመስታወት ጨርቅና በሬዚን ይያያዛሉ፣ ከውጭ መቀነት ይታሰርላቸዋል። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር አንድ ወጥ ነው። ማዕዘን የለም፤ ዝናብ የሚመርጠው ቦታ የለም። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔ ቅዳሜዬን ተኝቼ አሳልፍ ነበር።

ግን ሰው መስኮት ይፈልጋል፤ ግድግዳው ይቆረጣል። ወጥ ሲሠራ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ ጣሪያው 14 በ14 ኢንች ይቆረጣል። ቁምሳጥኑ በሪቬት ከግድግዳው ጋር ይያያዛል፤ የአንዳንዱ ፋብሪካ እንቁላል ጎኑ ላይ በፕላስቲክ ቆብ የተሸፈኑ የሪቬት ረድፎች አሉት። ቆቡን ፀሐይ ሲሰባብረው ቀዳዳው ባዶውን ይቀራል። የመብራት ብሎን፣ የበር ማጠፊያ፣ የማቀዝቀዣው አየር ማስወጫ፣ የውኃ መሙያ። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ይጨምራል፤ ለአንቴና፣ ለጥላ መዘርጊያ፣ ለብስክሌት መስቀያ። አምስት ባለቤት ያለፈበት እንቁላል አምስት ሰው ትራፓኖ ያነሳበት እንቁላል ነው።

ይህን ነገር የተማርኩት ሚኒሶታ አይደለም። አባቴ ደሴ ላይ አናጢ ነበር፤ ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ቆርቆሮ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ የሣር ክዳንን እየተካ አገሩን ሲያዳርስ፣ አብሮት የመጣው ዕዳ የሚስማር ቀዳዳ ነው። አባቴ ለተለማማጆቹ ሚስማር ጉብታው ላይ እንጂ ውኃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ እንዳይመቱ ሲቆጣ ዛሬም ይሰማኛል። ክረምት ገብቶ ቤቱ ያፈሰሰበት ሰው ሲጠራው፣ ጠብታው ካለበት ሳይሆን ከዚያ ሽቅብ ማገሩን ተከትሎ ይፈልግ ነበር። እንቁላሉም እንደዚያው ነው። የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ በስፖንጅ ወይም በምንጣፍ ስለተለበጠ፣ በጣሪያው ማስወጫ የገባ ውኃ ከልባሱ ጀርባ ተንሸራትቶ በሩ አጠገብ ወለል ላይ ብቅ ይላል። ባለቤቱ በሩን ይወቅሳል። ተጎታቹ አፍንጫውን ደፍቶ ከቆመ ደግሞ የኋላው ውኃ ፊት ይታያል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ተጎታቹን አስተካክሎ ማቆም፣ ከዚያ ማድረቅ። ቀጥሎ እኔ ከውጭ የውኃ ጎማ ይዤ፣ ሌላ ሰው ከውስጥ ባትሪና ጠመኔ ይዞ። ከታች ነው የሚጀመረው፤ መጀመሪያ የታችኛው መብራት፣ ከዚያ መቀነቱ፣ ከዚያ መስኮቱ፣ መጨረሻ ጣሪያው። ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያረጥብ ጥፋተኛውን አይለይም። ግፊት የበዛበት ማጠቢያ አይሆንም፤ ዝናብ የማይገባበትን ሁሉ ያስገባል። እያንዳንዱ ቦታ ጊዜ ይፈልጋል፤ ውኃ ከልባሱ ጀርባ ሲጓዝ አይቸኩልም። ይህ ካልሠራ በጣሪያው ማስወጫ በኩል በነፋሻ አየር ሞልቼ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ከውጭ የሳሙና ውኃ እቀባለሁ፤ አረፋ ያወጣ ቦታ ራሱን ያጋልጣል።

አንዳንዴ ጭራሽ የሚያፈስ ነገር የለም። የሚኒሶታ መስከረም ብርድ ነው፤ ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስበት ያደረ ትንሽ ክፍል ጠዋት የመስኮቱ ብረት ያልበዋል፣ ፍራሹ ሥር ይረጥባል። ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት የረጠበ ፍራሽ ማስወጫውን ከፍቶ መተኛትን እንጂ ማሸጊያን አይፈልግም። ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው አሉ፤ የሚከፈልበት ጥገና የሌለው ችግር አይዋጥላቸውም።

ማሸጊያው ራሱ ታሪክ አለው። የድሮው ስቱኮ የተልባ ዘይትና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር፤ ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል። በ1937 ሮበርት ቶማስና ዊሊያም ስፓርክስ የተባሉ የስታንዳርድ ኦይል ኬሚስቶች ቡታይል የሚባለውን ጎማ ፈለሰፉ። አየር ስለማያሳልፍ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ሆነ፤ በኋላም በጥቅል የሚሸጥ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማሸጊያ ሆነ። ግድግዳው በፀሐይ ሲሰፋና በብርድ ሲጠብ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከዓመታት በኋላም ይነቀላል። ፖሊዩሪቴን ከዚህ የበረታ ነው፤ ግን የተለጠፈበትን ነገር ሳይሰብሩ ማንሳት ይከብዳል። ከሁሉም የምጠላው ሲሊኮንን ነው። በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ማንም ይቀባዋል። ሲለቅ ግን የማይታይ ቅባት ጥሎ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ሌላ ማሸጊያ ቀርቶ አዲስ ሲሊኮን እንኳ አይዝም። የአንድ መስኮት ሥራዬ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የቀባውን ሲሊኮን በመፋቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ቡታይሉን በፍሬሙ ዙሪያ መዘርጋት፣ ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ፣ ተጨምቆ የወጣውን በፕላስቲክ ቢላዋ መቁረጥ።

ወለሉን ሳልነካ አልሄድም። ቅርፊቱ አይበሰብስም፤ የብዙዎቹ ወለል ግን ኮምፔልሳቶ ወይም የተጨመቀ እንጨት ነው። ምንጣፉን አንስቼ በወስፌ እወጋዋለሁ፤ በቀላሉ ከሰመጠ ያ ቦታ ተቆርጦ ይወጣል። ዋጋውን ስነግር የሚጨቃጨቀኝ ሰው፣ ወስፌውን ራሱ እንዲወጋበት ስሰጠው ዝም ይላል።

ባለፈው በጋ አንድ ጋሼ የምንላቸው የአገር ሰው አሮጌ እንቁላል ገዝተው እየጎተቱ መጡ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ዓሣ ማጥመድ ጀምረዋል።

«ልጄ፣ ያላሸግሁት ቦታ የለም» አሉኝ። «በቀደም ሲዘንብ ግን አልጋው ላይ ወረደብኝ።»

ዞርኩት። እውነታቸውን ነው፤ መስኮቶቹ ዙሪያቸውን በነጭ ሲሊኮን ተለስነዋል። የታችኛው ፍሬም ላይ ግን ሁለት ጠባብ ስንጥቆች ነበሩ፤ እነሱም ተደፍነዋል። ተንሸራታች መስኮት ጎማው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ጥቂት ውኃ ወደ ሐዲዱ ያሳልፋል፤ ፋብሪካው ያን ውኃ መልሶ ወደ ውጭ እንዲያፈሰው ነው ስንጥቆቹን የተወው። መውጫ ሲያጣ ሐዲዱ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል።

«ጋሼ፣ መግቢያውንም መውጫውንም ነው የዘጉት» አልኳቸው።

በቀጭን ካቻቢቴ ሁለቱን ስንጥቆች ከፈትኩ። የተጠራቀመው ውኃ በጎኑ ወረደ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ያኛውም መስኮት እንዲሁ ነዋ?» ብለው ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰዱ።