የስኳር ሕመም፣ የዓይን ብርሃንና የኪስ አቅም

ሐምሌ 2 ቀን 1937 ዓ.ም. በሰሜን አውሮፓ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ይሠራ ለነበረው ለወጣቱ የዓይን ሐኪም ለጌርድ ማየር ሽቪከራት፣ ግርዶሹን ሲመለከት ዓይኑ የተጎዳ አንድ ሰው ቀረበለት። የሰውየው ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ በውስጥ በኩል የተነጠፈው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ በፀሐይ ተቃጥሎ ጠባሳ ይዞ ነበር። ሐኪሙም ብርሃን በልክ ከተያዘ ያቃጠለውን ያህል ሊፈውስ ይችላል ብሎ አሰበ። ከሕንፃ ጣሪያ ላይ መስተዋት አቁሞ የፀሐይን ጮራ ወደ ሕሙማን ዓይን ይመራ ጀመር። ሰማዩ በደመነ ቀን ሥራው ይቆም ነበር፤ የሐምቡርግ ሰማይ ደግሞ ደመና አያጣውም። በ1950ዎቹ አጋማሽ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዛይስ ኩባንያ ጋር በመተባበር በዜኖን መብራት የሚሠራ መሣሪያ ተዘጋጀ። በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሲያበራም የዓይን ሐኪሞች ብዙ ሳይቆዩ ለሥራቸው አዋሉት።

ከዚህ ብርሃን ከፍ ያለ ጥቅም ያገኙት የስኳር ሕሙማን ናቸው። ሕመሙ በሬቲና ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ኤድዋርድ ዬገር በ1850ዎቹ በቪየና ገልጾት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን፣ በተለይ በልጅነቱ የታመመ ሰው ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት ሕይወቱ ያልፍ ስለነበር ጉዳዩ ብዙ አላስጨነቀም። በጥር ወር 1922 በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን ሲታከም ነገሩ ተለወጠ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የግኝታቸውን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነበር። ሆኖም ዕድሜያቸው የተራዘመላቸው ሕሙማን ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ የሬቲናቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች እያፈሰሱና እየተዘጉ፣ በምትካቸውም በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች እየበቀሉ፣ ማየት ይሳናቸው ጀመር።

ሌዘሩ ለዚህ ጉዳት እንደሚበጅ በእርግጥ የታወቀው በ1970ዎቹ በአሜሪካ በተካሄደ ታላቅ ጥናት ነው። ከ1,700 በላይ ሕሙማን ተካፈሉበት፤ የእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን ሲታከም ለሌላው ክትትል ብቻ ተደረገለት። አንዱ ዓይን በሌላው ላይ ምስክር ሆነ ማለት ነው። በ1976 ውጤቱ ሲገለጽ ሕክምናው የከባድ ዕውርነትን አደጋ ከግማሽ በላይ የሚቀንስ ሆኖ ስለተገኘ፣ ብርቱ አደጋ ያንዣበበበትን ሌላውን ዓይንም አለማከም አግባብ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «መድኃኒት አለን?» መሆኑ ቀርቶ «ማን በጊዜ ይደርሳል?» ሆነ። በሽታው አያምም፤ ዓይንን አያቀላም፤ ሰውየው ጥርት አድርጎ እያየ ሬቲናው ይበላሻል። ስለዚህ ሳይታመሙ ወደ ሐኪም መሄድን ይጠይቃል፤ ሳይታመሙ መሄድ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ልማድ ነው። ጥናቱ በተካሄደባት በአሜሪካ በቂ ገቢ የሌላቸው የስኳር ሕሙማን ከባለጸጎቹ ይልቅ የዓይን ምርመራ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በ1965 የተመሠረተው የአረጋውያን የጤና መድን ለስኳር ሕሙማን ዓመታዊ የዓይን ምርመራ ይከፍላል፤ ግን 20 በመቶው ድርሻ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ለድሆች የተቋቋመው መድን ለአዋቂዎች ዓይን የሚሰጠው ሽፋን ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከተጨመረ በኋላ ለሰዓታት እይታ ስለሚደበዝዝ የቀን ሠራተኛው የዕለት ደመወዙን ያጣል፤ ሹፌሩም መሪ አይዝም። ሕሙማኑ ለምን እንዳልተመረመሩ ሲጠየቁ አዘውትረው ከሚሰጧቸው መልሶች ሁለቱ «አላስፈለገኝም» እና «ውድ ነው» የሚሉት ናቸው። ሁለቱ መልሶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ የማይደርሱበትን ነገር አያስፈልገኝም ማለት የሰው ጠባይ ነውና።

ልዩነቱ በመርፌ በሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ይበልጥ ጎላ። በ2006 በአሜሪካ የተፈቀደው ራኒቢዙማብ የአንድ መርፌ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሐኪሞች ለካንሰር የተሠራውን ቤቫሲዙማብን በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍለው በ50 ዶላር ገደማ ይሰጡ ጀመር። በ2015 የወጣ ንጽጽር እንዳመለከተው፣ እይታቸው በመጠኑ ብቻ ለቀነሰ የስኳር ሕሙማን ርካሹም ውዱም የሰጡት ጥቅም ተቀራራቢ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ርካሹን ገና በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዓይን አስገብቶት ነበር።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ያዘች። ከ2003 ጀምሮ ዕድሜው 12 ዓመት የሞላው የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ በደብዳቤ እየተጠራ ሬቲናው ያለ ክፍያ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ተደረገ። በ2014 በታተመ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ ለሥራ በደረሱ ሰዎች ዘንድ የስኳር ሕመም የዓይን ጉዳት የዕውርነት ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ እንደቀረ ተገለጸ፤ ቢያንስ በ50 ዓመታት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እዚያም ቢሆን ለጥሪው ሳይቀርቡ የሚቀሩት በድሆች ሰፈር ይበዛሉ። ምርመራው ነጻ ቢሆንም ከሥራ መቅረቱ ነጻ አይደለምና።

በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዕውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማም ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ዘመቻውም ገንዘቡም ወደነዚህ መዞሩ ተገቢ ነው። የስኳር ሕመምተኛው ግን ለመድኃኒቱ ከፍሎ ከሚተርፈው ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያና እጁን ይዞ ለሚመራው ዘመድ መክፈል አለበት። አንደኛው ዓይን ሲደክም በሁለተኛው ያርሳል፤ ከሐኪም ዘንድ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውም ሲጋረድ ነው።